አጥንቱ ከተከሰከሰ በኋላ

በእኛ ጽሑፍ ውስጥ እንደ አጥንት የሚሰበር ነገር የለም። አንድ ሰው ስለ ሀገሩ ሊጽፍ ብዕሩን ባነሳ ቁጥር፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርስ ‹‹አባቶቻችን አጥንታቸውን ከስክሰው፣ ደማቸውን አፍስሰው›› ማለቱ አይቀርም። ደጋፊውም ይለዋል፣ ተቃዋሚውም ይለዋል፣ መሀል ሰፋሪውም ይለዋል። አባባሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አጥንቱም ተከስክሷል፣ ደሙም ፈሷል። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አጥንቱ የተከሰከሰ ሰው ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ አልቀረም። ብዙው በበቅሎ ተጭኖ፣ በሰው ትከሻ ተይዞ፣ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ታዲያ ያንን አጥንት ማን ጠገነው? በምን አሰረው? ስንቱ ቀንቶት ስንቱ ሽባ ሆኖ ቀረ? ስለ መሰበሩ እልፍ ገጽ የጻፍን ሰዎች ስለ መጠገኑ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍንም።

ሐኪም አይደለሁም። ታሪክ ማንበብ የምወድ፣ ኑሮዬን በስደት ያደረግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህ ጉዳይ የሐኪም ብቻ አይደለም። ዛሬም ሀገር ቤት ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፣ ሚኒባስ ይገለበጣል፣ ግንበኛ ከእንጨት መወጣጫ ይፈጠፈጣል። ዘመድ ያንን ስብራት ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ሲቸግረው መጀመሪያ ስልክ የሚመታው ለእኔና ለእናንተ ነው።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። አማርኛችን በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። እግር ሲጠመዘዝ ወለምታ ነው፤ መገጣጠሚያ ከቦታው ሲወጣ ውልቃት ነው፤ አጥንቱ ራሱ ሲለያይ ስብራት፣ ሳይለያይ ሲቀር ስንጥቅ፣ ብዙ ቦታ ሲደቅ ደግሞ ያ የለመድነው መከስከስ ነው። የዘመኑ ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ብቻ ጥያቄውን ያበዛዋል። የትኛው አጥንት ነው? መሀሉ ነው ወይስ ጫፉ? የስብራቱ መስመር አግድም ነው፣ ሰያፍ ነው ወይስ ጥምዝ? ሁለቱ ጫፎች ከቦታቸው ሸሽተዋል ወይስ አሉ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆዳው ተቀዷል ወይስ ደህና ነው? መስመሩ ምክንያቱን ይናገራል። አግድም ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛ ምት ነው፤ ጥምዝ ከሆነ እግሩ ተተክሎ ገላው የዞረ ነው፤ የደቀቀ ከሆነ ኃይለኛ ነገር ያገኘው ነው። የሕፃን አጥንት ደግሞ እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ አንዳንዴ ባንድ ወገኑ ይሰበርና በሌላው ይጎብጣል እንጂ ሁለት አይሆንም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የቆዳው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሉክሶር ላይ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ የግብጽ የሕክምና መጽሐፍ ሲሆን 48 ጉዳቶችን ከራስ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ይዘረዝራል። ሐኪሙ በሽተኛውን ካየ በኋላ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፤ ‹አክመዋለሁ›፣ ‹እታገለዋለሁ› ወይም ‹አይታከምም›። የላይኛው ክንድ አጥንት ተሰብሮ ቆዳው ደህና ከሆነ ይታከማል። ቁስሉ ዘልቆ ስብራቱ ጋ ከደረሰ ግን ፍርዱ ‹አይታከምም› ነው። ይህ ፍርድ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ብዙም ሳይቀየር ኖሯል።

አሁን ወደ ዓድዋ እንሂድ። ዊልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። የዓድዋ ጦርነት የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በመካከሉ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ከዚያ ሜይ 1896 ላይ፣ ናፖሊ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሌተና ኮሎኔል ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አንስቶ በውስጡ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ይህ ጨረር በጦርነት ለቆሰለ ሰው ያገለገለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይኸው ነው ተብሎ በሕክምና ታሪክ ይጠቀሳል። አስቡት ውድ አንባብያን! በዓለም ላይ በጦር ሐኪም ዓይን በጨረር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የጥይት ቁስል ከእኛ ምድር የሄደ ነው። እኛም በፋንታችን የመሣሪያውን ስም ከጣልያኖቹ ወሰድን። ‹ራጅ› የምንለው ‹ራጂ› ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ጨረሮች ማለት ነው። ‹ጀሶ›ም እንዲሁ ከጣልያንኛው ‹ጄሶ› የመጣ ነው።

በእኛ ወገን የቆሰለውስ? የዚያ ዘመን ጠመንጃ ብዙው የሚተፋው ወፍራም ጥይት ነበር፤ አጥንት ሲያገኝ ይደቁሳል። ሩሲያ የድሉን ዜና እንደሰማች የቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላከች። ጣልያን በምጽዋ በኩል አላሳልፍም ስላለ ቡድኑ በጅቡቲና በሐረር ዞሮ በዚያው በ1896 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የሩሲያ ሐኪሞች ለዓመታት በከተማዋ ሠርተዋል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከእነሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ነገር ግን ቡድኑ የደረሰው ከጦርነቱ ወራት በኋላ ነው። አጥንት ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም። ከየካቲት ጀምሮ የዘማቹን እግርና ክንድ ያቀናው፣ ያሰረው፣ ያሸው የሀገሩ ወጌሻ ነው። ስሙን የጻፈለት የለም፤ ሐውልትም የለውም።

አጥንት አይጠብቅም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ያሉት ደም ሥሮች አብረው ይበጠሳሉ፤ ደሙም በስብራቱ ዙሪያ ይቋጠርና ይረጋል። እብጠቱን ሁላችንም እንደ ጠላት እናየዋለን፤ የጥገናው መሠረት ግን ያ የረጋ ደም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተው ይጸዳል፣ አዲስ ደም ሥር ይዘረጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆን በሁለቱ ጫፎች መካከል እንደ ጆሯችን ልም አጥንት የሚተጣጠፍ ድልድይ ይሠራል። ቀጥሎ ካልሲየም ይገባበትና ድልድዩ ይጠነክራል። የእጅ አንጓ ስድስት ሳምንት አካባቢ ሊበቃው ይችላል፤ ቅልጥም ሦስት አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ልጅ ከአዋቂ ይፈጥናል፤ የሚያጨስ ሰው ይዘገይበታል። ከዚያም በኋላ ሥራው አያልቅም። በወራትና በዓመታት ውስጥ አጥንቱ ሸክም የሚያርፍበትን ወገን እያወፈረ፣ የማይፈለገውን እየፋቀ፣ ራሱን መልሶ ይቀርጻል። ቆዳ ሲቆረጥ በጠባሳ ይዘጋል፤ አጥንት ግን የሚጠገነው በራሱ በአጥንት ነው።

እንግዲህ አጥንትን የሚጠግነው ሐኪም አይደለም፤ ወጌሻም አይደለም። አጥንት ራሱን ይጠግናል። የሰው ሥራ ጫፎቹን ማገናኘት፣ እንዳይንቀሳቀሱ መያዝ፣ ቁስል ካለ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ ደም እንዳይቋረጥበት መጠንቀቅ ነው። የስብራት ሕክምና ታሪክ ሲጨመቅ ሰው እነዚህን አራት ነገሮች በስንት ሰው አካል ጉዳት እንደተማራቸው የሚናገር ታሪክ ነው።

ንጽሕናውን እንይ። በ1756 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም ከፈረሱ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እግር ይቆረጣል እንጂ አይታሰርም። ፖት ግን መንገድ ላይ እንደተኛ ‹‹አትንኩኝ›› ብሎ በር አስገዝቶ፣ በሩ ላይ ተጋድሞ በሸክም ቤቱ ገባ። መቁረጫው ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ባልደረባው እግሩ ሊድን ይችላል ብሎ አስቆመው፤ ዳነም። እሱ ዕድለኛ ነበር፤ ብዙው ግን በቁስሉ መመርቀዝ ይሞት ነበር። በኦገስት 1865 ግላስጎው ውስጥ ጋሪ እግሩን የሄደበት የ11 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ሊስተር ዘንድ ቀረበ። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ልጁ ሳይመረቅዝበት፣ እግሩም ሳይቆረጥ ዳነ። የግብጹ ሐኪም ‹አይታከምም› ያለው ፍርድ መሻር የጀመረው ያኔ ነው።

አለመንቀሳቀሱን ደግሞ እንይ። በ1852 የሆላንድ የጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን በጀሶ ዱቄት የታሸ ፋሻን በውሃ ነክሮ መጠቅለልን ለዓለም አስተዋወቀ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ፒሮጎቭ በክሪሚያ ጦርነት ጀሶን ለቁስለኛ በብዛት ተጠቀመበት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአንድ የወጌሻ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

በ1745 ገደማ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ በምትባል ደሴት ዳርቻ መርከብ ተሰባብሮ አንድ ሕፃን ልጅ ከባሕር ወጣ ይባላል። ዌልሽኛም እንግሊዝኛም አያውቅም፤ ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ያሳደጉት ሰዎች ኢቫን ቶማስ ብለው ስም አወጡለት። ልጁ አድጎ በሀገሩ የታወቀ ወጌሻ ሆነ። እኛ ስደተኞች ይህንን ታሪክ በተለየ ጆሮ ብንሰማው አይፈረድብንም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ወርዶ የእሱው ስም ያለው የልጅ ልጁ ሊቨርፑል ገብቶ የወደብ ሠራተኛን ስብራት ማቃናት ጀመረ። ሐኪሞቹ ግን አልተኙለትም፤ ደጋግሞ ፍርድ ቤት ቆመ። እሱስ ምን አደረገ? አልተሳደበም፣ ሙያውንም አልጣለም፤ አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። ከእነሱ አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834-1891) የአባቱን እጅና የትምህርት ቤቱን እውቀት ባንድ ላይ ይዞ፣ በየእሑዱ ድሆችን በነፃ እያከመ፣ እግርን ዘርግቶ የሚይዝ የብረት መደገፊያ ሠራ። ባልደረቦቹ ብዙም አልሰሙትም። በሚስቱ በኩል ዘመዱ የሆነው ሮበርት ጆንስ ግን ያንን መደገፊያ ይዞ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባ። ጥይት የጭን አጥንቱን የሰበረው ወታደር ሞት በ1916 ከነበረው 80 በመቶ በ1918 ወደ 20 በመቶ እንደወረደ ጆንስ ራሱ ጽፏል። የዘመናዊው የአጥንት ሕክምና አባት ተብሎ በእንግሊዝ የሚጠራው ሰው፣ እንግዲህ፣ የወጌሻ ልጅ ነው!

የእኛስ ወጌሻ? በኦሮምኛ ‹ኦጌሳ› ማለት ባለሙያ፣ አዋቂ ማለት ነው፤ የቃላቱን ዝምድና ጆሮ ራሱ ይነግራችኋል። ይህ ባለሙያ ራጅ ሳያይ በጣቱ ዳብሶ ጫፉ ወዴት እንደሸሸ ያውቃል። ስቦ ያቃናል፤ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጥር ያስራል። ለክብሩም ምስክር አለ፤ ዛሬም የእግር ኳስ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ‹ወጌሻ ገባ› እንላለን እንጂ ሌላ ስም አልፈለግንለትም። ቤት ድረስ ይመጣል፣ በሰው ቋንቋ ያናግራል፣ ዋጋው አይከብድም። ወለምታንና ቀላል ውልቃትን፣ ቆዳው ያልተቀደደ ቀላል ስብራትንም ያሻለው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም።

ችግሩ ያለው ከአራቱ ነገሮች በአራተኛው፣ በደሙ ላይ ነው። የተሰበረ አካል ያብጣል፤ ዛሬ ልክ የነበረ ማሰሪያ ነገ ይጠብቃል። ማሰሪያው እንደጠበቀ ሲቆይ ደም ይቋረጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ሥጋው መሞት ይጀምራል፤ ቀናት ሲያልፉ ጋንግሪን ይሆናል። ያኔ ከመቁረጥ ሌላ የሚቀር ነገር የለም። ይህ የወጌሻ ብቻ ኃጢአት አይደለም። በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ቮን ፎልክማን በጠባብ ፋሻ ምክንያት ጣታቸው እንደ ጥፍር ተቆልምሞ የሚቀርባቸውን ሰዎች ጉዳይ ሲጽፍ፣ ፋሻውን ያሰሩት እንደሱው የተማሩ ሐኪሞች ነበሩ። ልዩነቱ ምንድነው? እነሱ ጥፋቱን ጽፈው ተማሩበት። የእኛ ወጌሻ ግን ያሰረው ክንድ ሆስፒታል ገብቶ ሲቆረጥ ተመልሶ የሚነግረው የለም። የሚደርሰው ስድብ ብቻ ነው። ከስድብ ደግሞ ማንም አይማርም።

ከዓመታት በፊት ያክስቴ ልጅ ከገጠር ደወለችልኝ። የ9 ዓመት ልጇ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ወጌሻ አስሮለታል። ‹‹ወንድምዓለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ ጣቶቹም ጠቆሩብኝ›› አለችኝ። ‹‹አሁኑኑ ፍቺው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሩጪ›› አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ‹‹ይቆርጡታል ይላሉ እኮ›› አለችኝ። ስልኩን ይዤ እያለሁ ፈታችው፤ ልጁ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቱ እየቀነሰ ሄደ። በዚያው ቀን ተጭኖ ከተማ ገባ። ክንዱ ተርፎለታል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጉም።

‹‹ይቆርጡታል›› የምትለዋን ቃል አልረሳኋትም። እናት ልጇን ሆስፒታል የማትወስደው ይቆርጡታል ብላ ነው። ሆስፒታሉ የሚቆርጠው ልጁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። የሚዘገየው ደግሞ ይቆርጡታል ስለሚባል ነው። ይህ አዙሪት በአዋጅ አይሰበርም። ወጌሻን አስሮ ማገድም አይሰብረውም፤ የሊቨርፑሎቹ ሐኪሞች ሞክረውት አልሆነላቸውም። የሚሰብረው የቶማስ ቤት ያገኘው መንገድ ነው፤ እጁንና ትምህርቱን ባንድ ጣራ ሥር ማገናኘት።

ይህ ደግሞ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ከነገ ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ነገር አለው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወጌሻና እያንዳንዷ እናት ልታውቀው የሚገባ አጭር ትምህርት አለ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም አልንቀሳቀስ ካሉ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታ፤ በሽተኛውም ሐኪም ቤት ይሂድ። ቆዳው የተቀደደ ስብራት ከሆነ ከመጀመሪያውኑ ሳይታሽና ሳይታሰር በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሆስፒታል ይግባ። ሁለተኛ፣ በየወረዳው ያለ ጤና ጣቢያ የአካባቢውን ወጌሻ በስሙ ይወቀው፤ ይጥራው፤ ራጅ ያሳየው፤ በሽተኛ ይዞ ሲመጣ ያመስግነው እንጂ አይገላምጠው። ሦስተኛው እኛን ስደተኞቹን ይመለከታል። የተሰበረ ጭን በጀሶ ብቻ አይያዝም፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ለሳምንታት ተጎትቶ መተኛት ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርት ኩንቸር በ1939 በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ረጅም የብረት ዘንግ ከፈለሰፈ ወዲህ ግን ታካሚው በቀናት ውስጥ መነሳት ይችላል። እዚህ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ፣ ሉዊስ ዘርክል የተባሉ ሐኪም በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት የቀዶ ክፍል ራጅ በሌለበት ሊገባ የሚችል ዘንግ ሠርቶ በድሃ ሀገሮች ላሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተጠቅሞበታል። ባዕድ ሰው ይህን ካደረገ፣ ለድግስና ለስብሰባ አዳራሽ የምንከራየው እኛ ለትውልድ ወረዳችን ሆስፒታል አንድ የራጅ መሣሪያ፣ ለአንድ የወጌሻ ልጅ የጤና ኮሌጅ ክፍያ እንዴት ይከብደናል?

በሰሜኑ ጦርነት ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በሁሉም ወገን ስንት አጥንት እንደተከሰከሰ ማን ቆጠረው? ከቤሩትና ከኩዌት ፎቅ ወድቀው፣ ወገባቸውና እግራቸው ተሰብሮ ሀገራቸው የገቡ እህቶቻችንስ? እነዚህ ሰዎች ነገ በጽሑፋችን ‹‹አጥንታቸውን የከሰከሱ›› ተብለው ይወደሱ ይሆናል። ውዳሴ ግን አጥንት አያቀናም። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን የለመድነውን አባባል ለመጻፍ እጃችን ሲዘረጋ፣ ያንን አጥንት ማን እንደጠገነው፣ ዛሬስ ማን እየጠገነው እንደሆነ አንድ መስመር እንጨምርበት።

ቸር ያሰማን።